ለገጣፎ የተተከለ አንጮቴ፦ ሐረጉ አጥሩን ሞላ፣ ሥሩ ግን የታለ?

እመ_ጓሮ (ለገጣፎ)

ሰላም ለሁላችሁ። አንጮቴ (ሥሩ ተቀቅሎ የሚበላ፣ የዱባ ወገን የሆነ ሐረግ) በጓሮ የምታለሙ ካላችሁ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ሐምሌ መግቢያ ላይ ከገበያ የመጡ ሦስት የአንጮቴ ሥሮች አጥር ጥግ ተተከሉ። ቦታው ጠፍጣፋ፣ አፈሩ ጥቁር ኮትቻ፣ አጥሩ ቆርቆሮ ነው። በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት አካፋ የላም ፍግ ገብቷል፤ ፍጉ ገና ትኩስ ነበር።

ሐረጉ በመስከረም አጥሩን ጥግ እስከ ጥግ ሸፈነው። አበባም አወጣ፤ ፍሬ ግን አንድም አልያዘም። ኅዳር ላይ በቆርቆሮው በኩል ያለው ቅጠል ጠርዙ እየተጠበሰ መርገፍ ጀመረ። ሲቆፈር አንዱ በስብሶ ውሃ ሆኗል። ሁለቱ ያው የተተከሉት ናቸው፤ ከመወፈራቸው በቀር አዲስ የወለዱት ነገር የለም። አንዱ ተቀቀለ፣ ጭረት ብቻ ሆኖ አልታኘክም አለ። አሁን የቀረው አንድ ነው።

ብርዱ ነው? አፈሩ ነው? ወይስ አተካከሉ? ለዘንድሮ በልግ ከወዲሁ ማስተካከል እፈልጋለሁ። ቦታው ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ያህል ነው።


የወለጋ_ሥር

እህቴ፣ ብርዱን ለጊዜው ተይው። አንጮቴ እስከ 2800 ሜትር ከፍታ ድረስ የሚለማ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው፤ ለገጣፎ አይከብደውም። ነገሩ የተበላሸው እንደ ድንች ስለተተከለ ነው።

ድንች ከተተከለው ጎን አዳዲስ ይወልዳል። አንጮቴ አይወልድም፤ አንድ ተክል ያለው አንድ ሥር ነው። ሥሩን መልሰሽ ከተከልሽው ያው እሱ ራሱ ነው የሚወፍረው፤ በወፈረ ቁጥር ደግሞ ወደ እንጨትነት ይሄዳል። ያ ጭረት የመጣው ከዚህ ነው። የሚበላው አንጮቴ በዚያው ዓመት ከዘር የበቀለው ነው። አሮጌው ሥር መሬት ውስጥ የሚተወው ፍሬ እንዲያፈራና ዘር እንዲገኝ ብቻ ነው። በወለጋ ይህን የዘር እናት «ጉቦ» ይሉታል፤ በአማርኛ ከምናውቀው ጉቦ ጋር ዝምድና የለውም፣ ይኼኛው እንኳ ሰጥቶ ነው የሚቀበለው።

ስለዚህ ዘር ፈልጊ። ከነቀምት፣ ከጊምቢ ወይም ከደምቢ ዶሎ የሚመላለስ ሰው ካለ የደረቀ ዘር ወይም ቀይ ሆኖ የበሰለ ፍሬ ያምጣልሽ። ፍሬው ጣት የሚያህል ሞላላ ነው፤ ጥሬው አረንጓዴ ሆኖ ነጣ ያለ ነጠብጣብ አለው። አረንጓዴው ዘር አይሆንም። የበሰለውን ሰንጥቀሽ ውስጡን ከነዝልግልጉ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን አቆዪው፤ ዝልግልጉ ይለቃል። የሚንሳፈፈውን ዘር ድፊው፣ የሰመጠውን በወንፊት አጥበሽ ጥላ ሥር በወረቀት ላይ አድርቂ። ፀሐይ ላይ አይደረቅ። ትንሽ አመድ ነስንሰሽ በጨርቅ ቋጥረሽ ከጭስና ከእርጥበት የራቀ ቦታ አስቀምጪ።

መዝሪያው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ነው። ሐምሌ በጣም ዘግይቷል። ለምን ብትዪ፣ የሚበላ ሥር ለመያዝ በዚህ ከፍታ አምስት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ ቆላ ቀመስ በሆነ ቦታ ትንሽ ይፈጥናል። በሐምሌ የተዘራ ወፍራሙን ሥር በሚሠራበት ጊዜ ዝናቡ ያቆማል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቅጠሉም ሥራ ይፈታል። በግንቦት ከተዘራ ግን ክረምቱን በሙሉ ይጠቀምበታል። ለመስቀል ባይደርስ ለጥቅምት ይደርሳል።

በ1 በ3 ሜትር መደብ ላይ ሁለት መስመር አውጪ፤ በመስመሮቹ መካከል 50 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 20 ሳንቲ ሜትር። አንዱ መስመር 15፣ ሁለቱ 30 ተክል ይይዛሉ። በየጉድጓዱ ሁለት ዘር በ2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ጣይ፤ 60 ዘር በቂ ነው። ዘሩ ለብ ባለ ውሃ አንድ ሌሊት ቢዘፈዘፍ ቶሎ ይነሳል። በሦስተኛው ቅጠል ላይ ደካማውን በጥፍርሽ ቁረጪው፤ ከነቀልሽው የጎረቤቱን ሥር ታናጊዋለሽ። ደካማውን እየቆረጡ ማሳሳቱን ሰው ሁሉ ያዝንበታል፤ ሳይሳሳ የቀረ አንጮቴ ግን ከአውራ ጣት አይወፍርም።

በፕላስቲክ ከረጢት አፍልቶ ማዛወር ለጉቦ ይሆናል፣ ለሚበላው አይመከርም። ቀጥ ብሎ የሚወርደው ዋናው ሥር ከረጢቱ ታች ሲደርስ ይታጠፋል፤ በኋላ የሚወጣው አንጮቴ የተጣመመ ወይም እግሩ የተከፈለ ይሆናል።


ቀይአፈር (ቡራዩ)

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ አፈሩን ልጨምርበት። የበሰበሰው ሥር የሞተው በኮትቻው ነው። ኮትቻ በነሐሴ ውሃ ይዞ ይቆማል፤ ሥሩ አየር ሲያጣ ከታች ጫፉ ይጀምርና ወደ ላይ ይበሰብሳል። ቅጠሉ በሁለት ቀን ከዳር ጀምሮ ከጠወለገና አፈሩ እርጥብ ከሆነ ውሃ የጠማው መስሎሽ እንዳታጠጪው።

መፍትሔው መደቡን ከፍ ማድረግ ነው። ኮትቻ ላይ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ቀይ አፈር ላይ 15 ወይም 20 ይበቃል። ዙሪያውን ስፋቱ አንድ አካፋ የሆነ ቦይ አውጪና ወደ ዝቅተኛው ጥግ አፍስሺ። ለመደቡ ግማሹን ያንኑ ኮትቻ፣ ሩቡን ወንዝ አሸዋ ወይም ቀይ አፈር፣ ሩቡን በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ አድርጊ። ኮትቻ የሚቆፈረው ጭቃም ድንጋይም ሳይሆን ነው፦ ጨብጠሽ ስትለቂው ፈርሶ ከወደቀ ቆፍሪ፣ እንደ ሊጥ ከያዘ ጠብቂ። በጭቃው የተቆፈረ ኮትቻ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል፤ ሥሩም ጡቡን ሲያገኝ ይከፈላል።

ትኩስ ፍግ ደግሞ ሁለት ጥፋት አለው። ሥሩን ያቃጥለዋል፤ የተረፈውን ደግሞ ሐረግ ብቻ ያደርገዋል። አጥሩ የሞላው በዚህ ነው። ቢያንስ አራት ወር የተከመረ፣ ሽታው የጠፋ፣ ሲጨበጥ የማይሞቅ ፍግ ይሁን። ዩሪያ ላንቺ መደብ አያስፈልግም።

አመድ ብዙ ሰው ይመክራል፤ እንደ አፈሩ ነው። ወደ ቡራዩና ሆለታ ያለው ቀይ አፈር ኮምጣጣ ስለሆነ ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ የእንጨት አመድ ከመዝራት ሦስት ሳምንት በፊት ቢደባለቅ ይጠቅማል። ኮትቻ ግን ኮምጣጣ አይደለም፤ አመድ አትጨምሪበት። የከሰል አመድና ፕላስቲክ የተቃጠለበት አመድ የትም አይገባም።

ለሐረጉ ድጋፍ ይሠራለት ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ አልስማማም። ለሚበላው ድጋፍ መሥራት ድካም ነው፤ መሬት ለመሬት ቢሄድም ሥር ይይዛል። ድጋፍ የሚያስፈልገው ለዘር እናቱ ነው፤ ፍሬው መሬት ሲነካ ስለሚበሰብስ።


የወለጋ_ሥር

@ቀይአፈር ሰፊ ማሳ ላይ እውነት ነው። ሦስት ካሬ ሜትር ላይ 30 ሐረግ መሬት ለመሬት ከሄደ ግን ነሐሴ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ከሥር ያለው ቅጠል ይሻግታል፤ መኮትኮትም አይቻልም። ለጓሮ ድጋፍ ይሻላል፣ ወጪውም ቀላል ነው።

በሦስት ሜትሩ ላይ ሦስት አጣና፣ እያንዳንዱ 2 ሜትር ከ20፣ ግማሽ ሜትሩ መሬት ይግባ። ከላይ አንድ ሽቦ፣ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ሌላ ሽቦ ወጥሪ፤ በሁለቱ መካከል ለየተክሉ አንድ ሲባጎ አውርጂ። ሐረጉ የሚይዘው ከቅጠሉ አጠገብ በሚያወጣው ቀጭን ክር ነው። ክሩ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ነገር በደንብ ይጠመጠምበታል፤ አጣናውን ግን መክበብ አቅቶት ይንሸራተታል። «ድጋፍ ሠርቼለት እምቢ አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ወፍራም እንጨት ብቻ ተተክሎለት ነው።

ከቆርቆሮው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አርቂው። ክረምት ላይ ለውጥ የለውም። ሰማዩ ሲጠራ ግን ቆርቆሮው በቀን ይግላል፣ በሌሊት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። የቅጠሉ ጠርዝ የተጠበሰው በዚህ ነው፤ በሽታ አይደለም።

ጫፉ ከላይኛው ሽቦ ሲደርስ ቁረጪው። የተቆረጠው ለጋ ጫፍና ቅጠል እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል። ከአንድ ተክል በአንድ ጊዜ ከሦስት አራት ቅጠል በላይ አይወሰድ፤ ሥሩን የሚሞላው ቅጠሉ ነው።


ውርጭ_ሜዳ (ሱሉልታ)

ከለገጣፎ ከፍ ላላችሁና ሜዳ ላይ ለምትኖሩ፦ ውርጭ ሐረጉን በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል፣ ሥሩን ግን አይገድለውም። አደገኛው ጊዜ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ጥር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ያቆመበት ሌሊት። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ከጓሮው ዝቅተኛ ጥግ ይልቅ ተዳፋቱ ላይ ወይም የጠዋት ፀሐይ ከሚያገኝ የድንጋይ ግንብ አጠገብ ዝሩ።

ጥቅምት 15 አካባቢ የሚበላውን ሰብስባችሁ ጨርሱ። ለዘር የሚቀረው ሐረጉ ሲጠቁር ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ ተቆርጦ፣ አናቱ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር የጤፍ ጭድ ይከመርበት፤ ጭዱን ነፋስ እንዳይወስደው አፈር ጣል አድርጉበት። በበጋ ውሃ አይጠጣም፤ ተኝቷል። የተኛ ሥር ላይ ውሃ ማጠጣት ማበስበስ ነው። የበልግ ዝናብ ሲጀምር ጭዱን ግለጡለት፣ ከአናቱ ይነሳል።

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ፍሬ እስኪቀላ መጠበቅ ዕድል መሞከር ነው። ሐረጉ ዘግይቶ ካበበ ፍሬው አረንጓዴ እንደሆነ ውርጭ ይመታዋል። በዚህ በኩል በየዓመቱ ዘር ማስመጣት ይሻላል።


ፍልፈል_ጠባቂ (ሰበታ)

ጠላቱን የጠቀሰ የለም፤ ፍልፈል! ከላይ ቅጠሉ ደህና ይመስላል፣ ድንገት አንድ ጠዋት ይጠወልጋል፤ ሐረጉን ሳብ ስታደርጉት ያለ ሥር እጃችሁ ላይ ይቀራል። ትኩስ የአፈር ቁልል በአካባቢው ካያችሁ መደቡን ከመሙላታችሁ በፊት ታቹንና ጎኑን በዶሮ ሽቦ አልብሱት፤ ሽቦው ከላይኛው አፈር 50 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ከዚያ ካነሰ ሥሩ ራሱ ሽቦው ላይ ይደርስና ይጨናነቃል። ከተዘራ በኋላ ሽቦ ማስገባት አይቻልም።

ችግኙን በሌሊት ከአንገቱ ቆርጦ የሚጥለው ደግሞ ቆራጭ ትል ነው። የባለሁለት ሊትር ሃይላንድ ታችና አናቱን ቆርጣችሁ ቀለበቱን በችግኙ ዙሪያ 3 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ቅበሩ። ከዶሮ ጭረትም ያድናል። አንገቱ ሳይቆረጥ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ ከወደቀ ግን ትል አይደለም፤ ውሃ በዝቶበት ነው። በሚያዝያ በሦስት ቀን አንዴ፣ ጠዋት፣ ለአንድ ጉድጓድ አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ ይበቃዋል።


ቀይአፈር (ቡራዩ)

ሁለት የረሳኋቸው። በሰኔ አጋማሽ እና በሐምሌ መጨረሻ ኮትኩተሽ አፈር አልብሺው። ዝናብ አፈሩን አጥቦ የሥሩ ትከሻ ከተገለጠ ፀሐዩ ያጠነክረዋል፣ አይጥም ይቀድምሻል። ኩትኳቶው ከላይ ከላይ ይሁን፤ ዶማ ያስነካሽው ሥር በቁስሉ በኩል ይበሰብሳል።

መስከረም ላይ ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ ሻጋታ ነው፤ የዱባ ወገን ሁሉ ያገኘዋል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቅጠሎች ላይ ስታዪው ቆርጠሽ አውጪ፣ አየር እንዲገባው ውስጡን አሳሺ፤ ማታ ማታ ቅጠሉን አታርጥቢ። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ከመጣ አትጨነቂበት፣ ሥሩ አብዛኛውን ሠርቷል። ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ትንንሽ ተባይ) ለጋው ጫፍ ላይ ከታየ ጫፉን ቆርጦ መጣል ከመርጨት ይቀላል።


እመ_ጓሮ (ለገጣፎ)

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ አሁን ገባኝ። ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ አበባው ለምን ፍሬ አልያዘም? ሁለተኛ፣ የቀረውን አንድ ሥር ልጣለው ወይስ ልትከለው? ሦስተኛ፣ በጎረቤት አጥር ላይ ቅጠሉ የሚመሳሰል፣ አተር የሚያህል ቀይ ፍሬ የያዘ ሐረግ አለ። አንጮቴ ነው እየተባለ ነው፤ ዘሩን ከዚያ ልውሰድ?


የወለጋ_ሥር

ከመጨረሻው ልነሳ፦ አትውሰጂ። አተር የሚያህል ቀይ ፍሬ የሚይዘው «ሐረግ ሬሳ» የሚባለው ተክል ነው፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ አጥር ሁሉ ላይ አለ። እርሱም የዱባ ወገን ስለሆነ ነው ቅጠሉ የሚያሳስተው። መሬት ለመሬት የሚሄደው፣ ፍሬው ሻካራና እሾሃማ የሆነው ደግሞ የምድር እምቧይ ነው፤ እሱ መራራና መርዛማ ነው፣ ሥሩን አንጮቴ ነው ብሎ የቀቀለ ሰው ይጎዳል። የአንጮቴ ፍሬ ቆዳው ለስላሳ ነው፣ ሞላላ ነው፣ ርዝመቱም ከአተር ጋር አይወዳደርም። ፍሬውን ሳታዪ በቅጠል ብቻ አትመኚ።

አበባውን በተመለከተ፣ አንጮቴ ወንዱና ሴቷ የተለያየ ተክል ላይ ናቸው። አበባ እስኪያወጣ ድረስ አይለይም። አበባውን ከጀርባው ገልብጠሽ እዪ፦ ከአበባው ሥር፣ ግንዱን የሚይዝበት ቦታ ላይ ትንሽ ሞላላ እብጠት ካለ ሴት ናት፤ ያቺ እብጠት ናት ፍሬ የምትሆነው። አንገቱ ቀጥ ያለ ቀጭን ከሆነ ወንድ ነው። ወንድና ሴቱ ግማሽ በግማሽ ነው ብንል፣ ሦስት ተክል ሦስቱም አንድ ጾታ የመሆን ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ስድስት ቢሆኑ ከ32 አንድ ይሆናል። ለዘር የሚቀረው ከስድስት አይነስ የሚባለው ለዚህ ነው። ያንቺ አበባ የትኛው ዓይነት ነበር?


እመ_ጓሮ (ለገጣፎ)

በስልክ የተነሳ ፎቶ አለ። ሁሉም አንገታቸው ቀጭን ነው፤ እብጠት የሚባል አይታይም።


የወለጋ_ሥር

እንግዲያው ሁሉም ወንድ ነበሩ። የቀረው ሥር ወንድ ሆኖ ይቀጥላል፤ በሥሩ የተተከለ ጾታው አይለወጥም። አትጣዪው፤ ዘንድሮ ከዘር ለሚወጡት ሴቶች ይሆናል። ከመደቡ ውጭ፣ አንድ ሜትር ራቅ አድርገሽ፣ በራሱ ጉብታ ላይ ትከዪው። ሐረጉ የወጣበት አናት ወደ ላይ ይሁን፣ ከአፈር በታች 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይግባ። የዶማ ቁስል ካለው አመድ ቀብተሽ ሁለት ቀን ጥላ ሥር አድርቂው። አጣናውን ለብቻው ስጪው፤ ከልጆቹ ቀድሞ ስለሚነሳ መደቡን ያጠላባቸዋል።

በነሐሴ ዝናብ ንብ አይወጣም። ዝናብ ባቆመበት ጠዋት የወንዱን አበባ ቀጥፈሽ ቅጠሎቹን ገልብጪና ብናኙን የሴቷ አበባ መሐል ላይ አሽት አሽት አድርጊ። አንድ ወንድ አበባ ለሁለት ሦስት ሴት ይበቃል። እብጠቷ በሳምንት ውስጥ ከወፈረች ይዛለች፤ ቢጫ ሆና ከረገፈች አልያዘችም፣ በሌላ አበባ ድገሚው። ሴቶቹን በቀይ ክር እሰሪባቸው፤ ጥቅምት ላይ ሲቆፈር ከእነርሱ አምስቱ መሬት ውስጥ ይቅሩ።

የሚበላውን ስትቆፍሪ መጀመሪያ በእጅሽ አንገቱ ዙሪያ አፈሩን ግፈፊና ትከሻውን እዪው። ከቡና ስኒ አፍ ከሰፋ አውጪው፤ ካልሰፋ አፈሩን መልሺና ሁለት ሳምንት ስጪው። ዶማው ከአንገቱ አንድ ስንዝር ርቆ ይግባ። አውጥቶ ከማከማቸት ለድስት የሚበቃውን ብቻ እያወጡ ሌላውን መሬት ውስጥ መተው ይሻላል፤ በለገጣፎ እስከ ኅዳር አጋማሽ ይቆይልሻል፣ ከዚያ በኋላ ጭረቱ ይመጣል።

ስትቀቅዪው ከነልጣጩ አጥበሽ፣ ሳትቆርጪ። ተልጦ ከተቀቀለ ውሃ ይጠጣል፣ ጣዕሙም ከውሃው ጋር ይደፋል። ቢላ ያለ ትግል ሲገባ አውጪና በትኩሱ ላጪው፤ ሲበርድ ልጣጩ ሥጋውን ይዞ ነው የሚነሳው። ከዚያ በንጥር ቅቤና በቆጭቆጫ።